ጡረታ ያልያዘልኝ አምስት ዓመት

ጡረታ ስወጣ በሞላሁት ፎርም ላይ "አገልግሎት የጀመሩበት ሥራና ቦታ" የሚል ጥያቄ ነበረ። "አስተማሪ፣ ዲላ" ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ደግሞ "አስተርጓሚ፣ ዲላ፣ ጣሊያን በነበረበት ዘመን" ብዬ ጨመርኩበት። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ፎርሙን አገላብጣ አየችና እስክሪብቶዋን ሁለተኛው መስመር ላይ አሳረፈች።

"አባባ፣ ይሄ አይያዝልዎትም።"

"ለምን፣ የኔ ልጅ?"

"የጠላት ዘመን ለጡረታ አይያዝም። ማስረጃ የለውም። ደግሞስ ለጣሊያን የሠሩትን መንግሥታችን ምን ብሎ ይያዝልዎት?"

ደግ ልጅ ነች፤ ያለችውም እውነት ነው። ቀስ አድርጋ ሰረዘችው፤ እኔም ፈረምኩ። በእንደራሴነት የሠራሁት፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሠራሁት፣ በሦስት አገር ኤምባሲ የሠራሁት ሁሉ በደንብ ተይዞልኛል፤ የምማረርበት ነገር የለም። ቤቴ ስገባ ግን ያቺ የተሰረዘች መስመር አልለቅ አለችኝ። ሰው ፊት ቆሞ መናገርን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዝም ብሎ መስማትን የተማርኩት በእነዚያ ዓመታት ነው። ሰው የበደልኩትም ያኔ ነው። እንግዲህ መንግሥት ያልያዘልኝን እኔ ራሴ በወረቀት ልያዘው ብዬ ተቀምጫለሁ።

አባቴ ከአዲስ አበባ አካባቢ የመጣ ነጋዴ ነበር። ዲላ ላይ አቡጀዴ፣ ጨውና ክብሪት ይሸጥ ነበር። እኔ እዚያው ሱቅ ጓሮ ከጌዴኦ ልጆች ጋር ስጫወት ስላደግሁ ጌዴኦኛ ከአማርኛ እኩል ነው አፌን የፈታሁበት። ከፍ ስል አዲስ አበባ አጎቴ ዘንድ ተልኬ ፈረንሳይኛ ተማርኩ። ጣሊያንኛውን ግን ያስተማረኝ የለም፤ ከአጎቴ ግቢ አጠገብ ወንበር ይሠራ ከነበረ አንድ ጣሊያናዊ አናጢ ቃረምኩት። ስድቡን ነበር ቀድሜ ያወቅሁት።

ዲላ ስመለስ አባቴ ሱቁን እንድይዝለት ይጠብቃል፤ እኔ ደግሞ የሱቁን የኋላ ክፍል ትምህርት ቤት አደረግሁት። ሳንቃ በከሰል አጥቁሬ ሰሌዳ ሠራሁ፤ ጠመኔዬ ከወንዝ ዳር የሚቆፈር ነጭ አፈር ነበር። ሃያ የሚሆኑ ተማሪዎች ነበሩኝ። አብዛኞቹ የከተማው ነጋዴና የወታደር ልጆች ናቸው። ከጌዴኦ የመጣ አንድ ብቻ ነበር፤ ስሙ ዶሪ ነው።

ዶሪን ልጅ ማለት ይከብዳል። ጢሙ ያቆጠቆጠ፣ ከእኔ ቢበዛ በአራት በአምስት ዓመት የሚያንስ ጎረምሳ ነበር። ከዲላ በላይ ካለው ተራራ፣ ከእንሰቱና ከቡናው መሀል፣ በየማለዳው እየወረደ ከሕፃናት ጋር ተቀምጦ ፊደል ይቆጥራል። ማንበብ ላይ ዘገምተኛ ነው። ጣቱን ከፊደሉ ሥር አድርጎ ሲያምጥ እኔ አላስችል ይለኝና ቃሉን እጨርስለታለሁ። ይሄ የአስተማሪ ሁሉ አመል ነው፤ ደግ የሠራን ይመስለናል። አንድ ቀን ዶሪ ጣቱን ሳያነሣ ቀና ብሎ አየኝና፣

"ጋሼ፣ ቆይ እስቲ። እኔ ራሴ ላምጣው" አለኝ።

ልጆቹ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

አባቱ አባባ በራሶ በአካባቢያቸው የተከበሩ ሽማግሌ ነበሩ። ልጃቸው ምን እንደሚማር ሊያዩ አንድ ጠዋት መጡና ዘንጋቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ከኋላ ተቀመጡ። እስከ ምሳ ሰዓት አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ልጆቹ ሲበተኑ ተነሥተው የዕለቱን ትምህርት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጌዴኦኛ ደገሙልኝ። የትኛውን ፊደል እንዳስቀደምኩ፣ ማንን እንደተቆጣሁ፣ ለማን ፈገግ እንዳልኩ፣ አንድ አልቀራቸውም። ሲጨርሱ "አጎደልኩ? ጨመርኩ?" አሉ።

"ምንም አላጎደሉም፣ አባባ።"

"እንግዲያው አሁን ልጠይቅህ። ዶሪን ለምን አትጠብቀውም?"

ምን ብዬ እንደመለስኩ አላስታውስም። ስለ ጊዜ ማጠር አንድ ነገር ቀባጥሬ ይሆናል።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። አባቴና እናቴ ሱቁን ቆልፈው ከሌሎች ነጋዴዎች ጋር ወደ ሰሜን ሄዱ። እኔ ቀረሁ። ለምን ቀረህ ሲሉኝ "ተማሪዎቼን ትቼ እንዴት" እላለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግትርነትም ነበረበት። ከተማው የዝርፊያና የቂም መወጫ በሆነባቸው ሳምንታት አባባ በራሶ ወርደው መጡና "ና" ብቻ ብለው ይዘውኝ ወጡ። ከሰሜን የመጣን ሰው ልጅ ቤት ማስገባት ለእሳቸው ቀላል አልነበረም። ገባር ሆነው ያዩትን መከራ እሳቸውም ጎረቤቶቻቸውም ያውቁታል። "ይሄ የዶሪ አስተማሪ ነው" ይሏቸው ነበር፤ በዚያ ያልፋል። ባለቤታቸው እማማ ሎኮ ያኔ ይወዱኝ ነበር። የቆጮውን መሀል ለእኔ ይቆርሱልኛል፤ ጌዴኦኛዬ የከተማ ቅላጼ ስላለበት እየደገሙ ይስቁብኛል።

ነገሩ ሲረጋጋ ወደ ሱቁ ተመልሼ ማስተማር ጀመርኩ። በሦስተኛው ሳምንት የአካባቢው ሹም የሆነው ጣሊያናዊ ካፒቴን አስካሪ ከሚባሉት የቅኝ ግዛት ወታደሮቹ ሁለቱን አስከትሎ ደጃፌ ላይ ቆመ። ሰሌዳውን አይቶ "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" ብሎ በቋንቋው ለራሱ አጉረመረመ። እኔ ሞኙ በጣሊያንኛ መለስኩለት። የዚያኑ ዕለት ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ እኔም አስተርጓሚ ሆንኩ። ፈቃድህ ነው ወይ ያለኝ የለም። ከተማው ውስጥ ባንዳ የሚሉኝ ነበሩ፤ ተሳስታችኋል ብዬ ለመከራከር አፍ አልነበረኝም።

የአስተርጓሚ ሥራ ከውጭ ሲያዩት የቃል ሥራ ይመስላል። እኔ መጀመሪያ የተማርኩት የት እንደሚቆሙ ነው። ከሁለቱ ሰዎች መሀል ከቆምክ ሁለቱም አንተን ነው የሚያዩት። ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ካልክ እርስ በርስ መተያየት ይጀምራሉ። ድምፅህ ከተናጋሪው ዝቅ ይላል። ስድብ ሲመጣ አታለሰልሰውም፣ አታሾለውም። ነጥቡ ሲበዛብኝ በጣቶቼ እይዛለሁ፤ ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ጣት አጥፌ፣ ስናገር አንድ በአንድ እዘረጋቸዋለሁ። እስከ ዛሬ ሰው ረዘም አድርጎ ሲያወራኝ ጣቴ ሳላውቀው ይታጠፋል፤ ልጆቼ ይስቁብኛል።

የቀረውን ያስተማሩኝ አባባ በራሶ ናቸው። በዕረፍቴ ቀን ወደ ሶንጎ ይወስዱኝ ነበር። ሶንጎ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነገር የሚያዩበት፣ ትልልቅ ዛፎች የከበቡት ሜዳ ነው። በእኛ ሶንጎ መጀመሪያ ምርቃት ይደረጋል፤ ለዝናቡ፣ ለእንሰቱ፣ ለከብቱ፣ ለመጣው እንግዳ። ቀጥሎ በዕድሜ የሚያንሱት ሽማግሌዎች ይናገራሉ፤ እነሱ ደግ ደጉን ተናግረው ነገሩን ያለሰልሱታል። ዋናው ቃል የሚመጣው በመጨረሻ፣ ከትልቁ ሽማግሌ አፍ ነው። እሱ እስኪናገር ድረስ ገና ምንም አልተባለም። አባባ በራሶ ተራቸው ሲደርስ ቆመው በመጀመሪያ የተቃራኒያቸውን ነገር ይደግማሉ፤ ባለነገሩ ራሱ ከተናገረው አሳምረው። "አጎደልኩ? ጨመርኩ?" ይላሉ። ሰውየው "አላጎደልክም" ካለ በኋላ ነው የራሳቸውን የሚጀምሩት። ተናድዶ የመጣ ሰው የገዛ ቃሉን ከእሳቸው አፍ ሲሰማ ትከሻው ዝቅ ሲል ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ይሄን ሁሉ አውቅ ነበር። ባለማወቅ ነው ብዬ የማመካኝበት መንገድ የለኝም።

ቡናው በቀላበት ወር ካፒቴኑ ለመንገድ ሥራ ወጣቶች ፈለገ። ወደ ይርጋጨፌና ከዚያም ወዲያ የሚወስደው መንገድ እየተቆረጠ ነበር። "ሽማግሌዎቹን ሰብስብልኝ፤ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ" አለኝ። ደስ አለኝ፤ በጠመንጃ ከሚመጣ በቃል ይምጣ ብዬ። ሶንጎው ድረስ በፈረስ ወጣ።

ካፒቴኑ ንግግሩን አደረገ፤ ጣቴን እያጠፍኩ አስተረጎምኩለት። ሽማግሌዎቹ ምርቃታቸውን ጀመሩ። ረዘመ። ካፒቴኑ ሰዓቱን አየ። ሰማዩ ጠቁሮ ዝናቡ ከወዲያኛው ተራራ መጣሁ መጣሁ ይላል። ከዚያ ታናናሾቹ ሽማግሌዎች ተነሡ። "መንገድ ጥሩ ነገር ነው፤ ጨው ያመጣልናል። እንግዳው ሰው እደጃችን ድረስ መምጣቱ ክብር ነው" አሉ።

"ምን አሉ?" አለ ካፒቴኑ።

ያሉትን ነግሬው ገና አልጨረሱም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን መጨረሻውን የማውቀው መሰለኝ። እምቢ አይሉም፣ እምቢ ማለትም አይችሉም፤ ሰውየው ከተቆጣ ነገር ይበላሻል፤ ዝናቡም ደርሷል። ደግሞ ዛሬ በዚህ ዕድሜዬ ልዋሽ አልፈልግም፤ ካፒቴኑ ቅልጥፍናዬን እንዲያይልኝ ፈልጌ ነበር። ዶሪ ፊደል ላይ ሲያምጥ እንደማደርገው ቃሉን ጨረስኩላቸው።

"ተስማምተዋል" አልኩት።

"በጣም ጥሩ" አለና ጓንቱን እያጠለቀ ወደ ፈረሱ ሄደ። አባባ በራሶ ያን ጊዜ ሊናገሩ ዘንጋቸውን ይዘው ተነሥተው ነበር። የካፒቴኑን ጀርባ አዩ፤ ዞረው እኔን አዩኝ። እኔም ፈረሱን ተከትዬ ቁልቁል ወረድኩ።

በሳምንቱ አስካሪዎች መጥተው ከአካባቢው አሥራ ስድስት ወጣት ወሰዱ። ቡናው እዛፉ ላይ እንደቀላ ነው። አንዱ ዶሪ ነበር። የወሰዷቸው ይርጋጨፌን አልፈው፣ ዛሬ ፍስሐ ገነት ያለችበትንም አካባቢ አልፈው፣ ወደ ገላና ቆላ በሚወርደው በኩል ነው። እዚያ ወባ አለ፤ የእኛ ተራራ ልጆች ወባን በወሬ እንጂ በአካላቸው አያውቋትም።

ሶንጎው ምን እንደሆነ አልገባውም። ጣሊያንኛ የሚሰማ የለም። "ፈረንጁ ናቀን፤ ሳይሰማን ሄደ" ነው ያሉት። አባባ በራሶ ጭራሽ እኔን ሊያጽናኑኝ ሞከሩ።

"አንተ ምን ታደርግ፣ ልጄ። ፈረሱን ይዘህ አታስቀረው። እኔ ልናገር የተነሣሁት ሦስት ነገር ነበረ። ሰው እንሰጣለን፤ ግን ቡናው ይለቀም። በተራ ይሁን፤ አንዱ ሲሄድ አንዱ ይመለስ። ቆላ አይውረዱብን። ይኸው ነበረ።"

ሦስት ጣት ነው። ካፒቴኑ አንድ ሲጋራ አጭሶ ሳይጨርስ ተናግሬ እዘረጋቸው ነበር።

ነገርኳቸው? አልነገርኳቸውም። ለአሥራ አንድ ቀን ወደ ቤታቸው እየወጣሁ፣ አንገቴን ደፍቼ የእማማ ሎኮን ቆጮ በላሁ። እሳቸው "ይሄ ልጅ ስለ ዶሪ አዝኖ ከሳ" እያሉ ድርሻዬን ይጨምሩልኝ ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን አባባ በራሶ "ካፒቴኑ ዘንድ ውሰደኝ" አሉኝ። ጠዋት ቢሮው ገባን። ካፒቴኑ ደህና ስሜት ላይ ነበር፤ ወንበር ጋበዛቸው፤ እሳቸው አልተቀመጡም። "ሶንጎው ቃሉን ሳይጨርስ ልጆቻችን ተወሰዱብን" አሉ። አስተረጎምኩ። ካፒቴኑ ግራ ገብቶት ወደ እኔ ዞረ።

"ተስማምተዋል ብለህ የነገርከኝ እኮ አንተ ነህ!"

እዚያ ክፍል ውስጥ ጣሊያንኛ የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነን። አባባ በራሶ ፊት ፊቴን ያዩኛል።

"ምን አለ?" አሉ።

በሥራ ዘመኔ ብዙ ከባድ ነገር አስተርጉሜአለሁ፤ የጦርነት ዛቻ ሳይቀር። እንደዚያች አጭር ቃል የከበደኝ ግን የለም። "የበላይ ትእዛዝ ነው አለ" ብል ማን ያውቅብኛል? የሆነ ሆኖ፣ እንዴት እንደወጣልኝ አላውቅም፣

"'ተስማምተዋል ብለህ የነገርከኝ አንተ ነህ' አለኝ" አልኩ።

ፊታቸው አልተለወጠም። ዘንጋቸውን ከቀኝ እጃቸው ወደ ግራ አዛወሩ።

"'ተስማምተዋል ብለህ የነገርከኝ አንተ ነህ' አለህ። አጎደልኩ?"

"አላጎደሉም።"

"ጨመርኩ?"

"አልጨመሩም፣ አባባ።"

"እሺ። ይሄ የእኔና ያንተ ነው፤ ኋላ እናየዋለን። አሁን የምለውን እንዳለ ስጥልኝ።"

ከዚያም ልጃቸውን በወሰደው አፍ ልጃቸውን ይለምኑ ጀመር። መጀመሪያ የካፒቴኑን ነገር ነው የደገሙት። "አለቃህ መንገዱን ቶሎ ጨርስ ብሎሃል። ልጆቹን ብትለቅ ሥራህ ይቆማል፤ አለቃህም ይቆጣሃል። አጎደልኩ?" ካፒቴኑ አስተርጉሜ ስጨርስ ሳቀ። እንደዚያ ብሎ የጠየቀው ሰው ያለ አይመስለኝም። "አላጎደለም" አለ። "እንግዲያው" አሉ አባባ በራሶ፣ "የታመመ ሰው ድንጋይ አይፈነቅልም። በየሁለት ሳምንቱ ቀያይራቸው፤ ያረፈ እንሰጥሃለን፤ የደከመውን መልስልን። እኔ ራሴ ቆሜ አወጣልሃለሁ።" ካፒቴኑ ልጆቹ እንደተባለው እንዲቀያየሩ ትእዛዝ ጻፈ። በሕይወቴ ያየሁት የመጀመሪያው ድርድር ይሄ ነው። ከዚያ በኋላ ትልልቅ አዳራሽ ውስጥ፣ ባለ ብዙ ኒሻን ሰዎች መሀል ተቀምጫለሁ፤ ከዚህ የበለጠ አላየሁም።

ወደ ተራራው ስንመለስ ጅረቱ ጋ ደረስን። እዚያ ቆም አሉና "ለምን?" አሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰምተው ጨረሱና ደገሙት። "ዝናብ መጣ። መጨረሻውን የማውቀው መሰለኝ። ፈረንጁ እንዲያደንቀኝ ፈለግሁ። አጎደልኩ?" የገዛ ኃጢአቴን በእሳቸው ለስላሳ ድምፅ ስሰማው መሬት ላይ ዘፍ አልኩ፤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አባባ በራሶ አላባበሉኝም፤ ጥለውኝም አልሄዱም። እስክነሣ ድረስ እዚያው ቆመው ጠበቁኝ።

የመጀመሪያዎቹ ወጣቶች ሲመለሱ አሥራ አምስቱ በእግራቸው መጡ። ዶሪን በቃሬዛ አመጡት። ወባው ጨርሶታል። አምስት ቀን ቆየ። በአራተኛው ቀን አጠገቡ ተቀምጬ ሳለ ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ጀመር። ምን ሊል እንደሆነ ብዙ ነገር ወደ አፌ መጣ፤ ውሃ ነው? እናቱን ነው? ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ። ረዥም ጊዜ ፈጀበት። ኋላ፣

"ቡናው... ተለቀመ?" አለ።

"ተለቀመ፣ ዶሪ።"

ፈገግ አለ። ያልተለቀመ ብዙ ነበር። ይሄን አንዱን ውሸቴን ግን እግዜር ይቅር የሚለኝ ይመስለኛል።

ለቅሶው ሲያበቃ ሶንጎው ፊት ቆሜ ያደረግሁትን ተናገርኩ። ሳያስብ የሰው ሕይወት ያጠፋ ሰው በከብት ይክሳል፤ እኔ ደግሞ ዶሮ እንኳ አልነበረኝም። ሽማግሌዎቹ "ባለደሙ ይናገር" አሉ። አባባ በራሶ ተነሡ። እንደ ልማዳቸው የእኔን ቃል ደገሙ፤ እንዳላጎደሉ ጠየቁኝ። ከዚያ፣

"ልጄን የወሰደብኝ ይሄ አፍ ነው" አሉ። "ከብት ምን ያደርግልኛል? አፉን ስጡኝ። ከዛሬ ጀምሮ ይሄ አፍ የዚህ አገር ነው። ነገር ባለን ቦታ ሁሉ ይቆምልናል፤ እኛ ስንጨርስ ይናገራል። ሰውየው ደግሞ በዶሪ ቦታ ቤቴ ይገባል።"

ሶንጎው ተስማማ። ወንዶቹ ማለቴ ነው። እማማ ሎኮ ከሴቶቹ ጋር ፈንጠር ብለው ተቀምጠው ነበር። ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡና ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ቤታቸው ገባሁ። ቀን የካፒቴኑ አስተርጓሚ ነኝ፤ ስመለስ እንሰት እኮተኩታለሁ፣ አጥር አጥራለሁ፣ ቡና እለቅማለሁ። እማማ ሎኮ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኔ ጋር አይነጋገሩም። ምግቤን አያስቀሩብኝም፤ አጠገቤ ያስቀምጡና ለባለቤታቸው "ያን ሰውዬ ብላ በሉት" ይላሉ። አባባ በራሶ ወደ እኔ ዞረው "ብላ" ይሉኛል። "እግዜር ይስጥልኝ በሏቸው" እላለሁ። የሁለት ሕዝብ ቋንቋ የማስተረጉም ሰው፣ አንዲት ጎጆ ውስጥ በክንድ ርቀት ላሉ ሴትዮ አስተርጓሚ አስፈለገኝ። ያስቃል፤ እኔም ብቻዬን ስሆን ስቄበት አውቃለሁ። ግን እንደዚያ ያለ ሐዘን አላየሁም። ይቅር በሉኝ ልል ስንት ጊዜ አፌን ከፍቻለሁ፤ ተነሥተው ይወጣሉ። አባባ በራሶ "ተዋት" ይሉኛል። "የእኔን ነገር ሶንጎ አየው። የእሷን ሶንጎ አላየውም።"

ጣሊያን ሲወጣ ትምህርት ቤቴን ከፈትኩ። ዘገምተኛ አንባቢ ሲገጥመኝ እጄን ከኋላዬ አጣምሬ እጠብቅ ነበር። ብዙ ሳይቆይ ሶንጎው አፉን፣ ማለት እኔን፣ ፈለገ። ስለ ገባሩ ዕዳ አቤት ሊሉ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር አዲስ አበባ ላኩኝ። አራት ወር ደጅ ጠናን። ገብተን ለመናገር ስንበቃ ሽማግሌዎቹ እስኪጨርሱ ጠብቄ፣ ያሉትን እንዳለ ተናገርኩ። ከጠየቅነው ጥቂቱ ተፈቀደልን። ያ ጉዳይ ነው ሰው ዘንድ ያስታወቀኝ፤ በዓመታት ውስጥ የአካባቢው እንደራሴ ሆኜ ምክር ቤት ገባሁ።

ምክር ቤት ውስጥ የጭሰኛውን ነገር ስናነሣ አንድ ትልቅ ባለርስት ተቃወመኝ። የእሱን ክርክር እሱ ከተናገረው አሳምሬ ደገምኩለትና "አጎደልኩ?" አልኩት። "አላጎደልክም፤ እንዲያውም ጥሩ አድርገኸዋል" አለ። ተጨበጨበ፤ ድምፅ ሲሰጥ ግን ረታኝ። እዚያ የነበረ አንድ የውጭ ጉዳይ ሹም ስንወጣ ትከሻዬን ይዞ "ተሸንፈህ የማትቆጣ ሰው ስፈልግ ነበር" አለኝ። በዚህ ሁኔታ ዲፕሎማት ሆንኩ። ይሄው አለቃዬ ቀልደኛ ሰው ነበር። ጎረቤት አገር ስለ ግጦሽና ስለ ውሃ ስንደራደር ሌሎቹ ወረቀት ሲያገላብጡ እኔ ጣቴን አጥፌ ስሰማ "የኛ ሰውዬ ጥድፊያ አይወድም፤ ጨርሱለትና ይናገራል" ብሎ ለባዕዳኑ ያስተዋውቀኝ ነበር።

ፈቃድ ባገኘሁ ቁጥር ዲላ እሄዳለሁ። አባባ በራሶ ከደጃፋቸው ሆነው "ዘንድሮ መንግሥታቱ ምን አሉ?" ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ፤ እንደ ሶንጎ ነገር ይመረምሩታል፤ "እዚህ ላይ ቸኩላችኋል" ይሉኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ናቸው። እማማ ሎኮ አርጅተዋል። አንድ ዓመት ላይ ከምድጃው ጎን ሆነው ለባለቤታቸው "ያ ሰውዬ ከስቷል፤ በዚያ አገር ምን እያበሉት ነው በሉት" አሉ። አባባ በራሶ በዓይናቸው ጠቀሱኝ። ያንን ቃል ይዤ ተመልሼ ብዙ ወር ኖርኩበት።

አባባ በራሶ ሲሞቱ እኔ ባሕር ማዶ ነበርኩ። ቴሌግራሙ ለጉባኤ ወደሄድኩበት ከተማ ተከትሎኝ መጥቶ ዘግይቶ ደረሰኝ። በአውሮፕላን፣ ከዚያም በአውቶቡስ ዲላ ስደርስ ከተቀበሩ ቆይተዋል። ተራራውን በእግሬ ወጣሁት። በኮትና በከረባት ነበርኩ፤ ልብስ መለወጡን አላሰብኩትም። መንገዱን ሙሉ ያስጨነቀኝ ሌላ ነበር፤ እማማ ሎኮና እኔ በመሀላችን ሆኖ የሚያነጋግረን ሰው አልቀረልንም።

ግቢው ውስጥ ገና ለቀስተኛ ነበር። ከሩቅ ቀበሌ የመጡ፣ የማላውቃቸው ሰዎች ቀና ብለው አዩኝ። አንዱ ሽማግሌ ወደ እማማ ሎኮ ጎንበስ ብሎ፣

"ይሄ ባለኮት ማነው? ከመንግሥት የመጣ ነው?" አላቸው።

መልሱን እኔ ልሰጠው እችል ነበር። ስሜ አለ፣ ማዕረጌ አለ። ዝም ብዬ ቆምኩ። እማማ ሎኮ ዓይናቸው ደክሟል፤ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ረዥም ጊዜ አዩኝ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ቃል አልወጣም፤ እንደገና ተንቀሳቀሰ። ጠበቅሁ።

"ልጄ ነው" አሉ። "ሩቅ አገር ሥራ ላይ ነበር።"

ከዚያ አጠገባቸው ያለውን ምንጣፍ በእጃቸው መታ መታ አደረጉና፣ በመካከላችን ማንም ሳይገባ፣ እኔን ራሴን፣

"ና ተቀመጥ። እህል ቀምሰሃል?" አሉኝ።

ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። መመለስ አቃተኝ፤ እሳቸውም አላቻኮሉኝም።